የወጣው ገንዘብና የተሠራው ሥራ፤ የአንድን ሥራ አካሄድ በሒሳብ ስለ መመዘን

አንድ ነጋዴ መጋዘን ለማሠራት፣ ሱቁን ለማደስ ወይም ወደ ውጭ አገር የሚልከውን ሰሊጥ አስበጥሮ ለማዘጋጀት ገንዘብ በመደበ ጊዜ፣ ከሥራው መካከል ላይ ሲደርስ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው «እስከ ዛሬ ስንት ብር ወጣ?» የሚል ነው፤ ሁለተኛውም «ሥራው ከምን ደረሰ?» የሚል ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሒሳብ ያዡ ደብተሩን ገልጦ በቁጥር ይመልስለታል። ሁለተኛውን ግን ሥራውን የሚመራው ሰው «ደኅና ነው፤ እየተፋጠነ ነው፤ ወደ ማለቁ ተቃርቧል» እያለ በቃል ይመልስለታል። አንደኛው መልስ በብር፣ ሁለተኛው በተስፋ የተነገረ ስለሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ማስተያየት አይቻልም። ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም በእነዚህ በሁለቱ መልሶች መካከል ባለው ክፍተት ነው።

ይህን ክፍተት ለመዝጋት የተዘጋጀ አንድ የሒሳብ ዘዴ አለ። ስሙ በእንግሊዝኛ «ኧርንድ ቫልዩ» ሲሆን፣ በአማርኛ «የተሠራው ሥራ ዋጋ» ቢባል ትርጉሙን ያስረዳል። ዘዴው በትልልቅ የመንግሥት ሥራዎች ላይ ያደገ ቢሆንም፣ የሚጠይቀው መደመርን፣ መቀነስን፣ ማባዛትንና ማካፈልን ብቻ ስለሆነ ደብተር የሚይዝ ማንኛውም ነጋዴ ሊሠራበት ይችላል።

ሦስቱ ቁጥሮች

ዘዴው የቆመው በሦስት ቁጥሮች ላይ ነው፤ ሦስቱም የሚጻፉት በብር ነው።

አንደኛው የታቀደው ሥራ ዋጋ ነው። ይኸውም በጊዜ ሰሌዳው መሠረት እስከ ዛሬ ድረስ ሊሠራ ይገባው ለነበረው ሥራ የተመደበው ገንዘብ ነው።

ሁለተኛው የወጣው ገንዘብ ነው። ይኸውም እስከ ዛሬ ለተሠራው ሥራ ለዕቃና ለሠራተኛ በእርግጥ የዋለው ወጪ ነው።

ሦስተኛው የተሠራው ሥራ ዋጋ ነው። ይኸውም በእርግጥ ተሠርቶ ለተገኘው ሥራ በመጀመሪያው ዕቅድ ላይ ተመድቦለት የነበረው ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። አንድ ግድግዳ በዕቅዱ 100,000 ብር ተመድቦለት 130,000 ብር ፈጅቶ ቢያልቅ፣ የተሠራው ሥራ ዋጋ 100,000 ብር ነው። ውድ ሆኖ ስለ ተሠራ ዋጋው አይጨምርም፤ በርካሽ ስለ ተሠራም አይቀንስም።

አብዛኞቹ ነጋዴዎች ሁለቱን የመጀመሪያ ቁጥሮች ያውቋቸዋል። ሦስተኛው ግን በብዙ ደብተር ላይ አይገኝም፤ የዘዴውም ፍሬ ያለው በዚሁ በሦስተኛው ቁጥር ላይ ነው።

በምሳሌ ሲታይ

ለምሳሌ ያህል አንድ ቡና ላኪ ዕቃውን ራሱ እየገዛ፣ ለሠራተኞቹም ራሱ እየከፈለ በ12 ወር ውስጥ በ12,000,000 ብር አንድ መጋዘን ለማሠራት አቀደ እንበል። ሥራው በአራት ክፍል ተከፍሏል። ቁፋሮና መሠረት ከ1ኛው እስከ 3ኛው ወር፣ ዓምድና ግድግዳ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር፣ ጣሪያ ከ7ኛው እስከ 9ኛው ወር፣ ወለል፣ በርና መብራት ደግሞ ከ10ኛው እስከ 12ኛው ወር ይሠራሉ። ለእያንዳንዱም ክፍል 3,000,000 ብር ተመድቧል።

ስድስት ወር በተፈጸመ ጊዜ ነጋዴው ደብተሩን ቢመለከት የወጣው ገንዘብ 5,400,000 ብር ሆኖ አገኘው። በዕቅዱ መሠረት እስከዚያ ቀን ሊወጣ የሚገባው 6,000,000 ብር ነበረ። ነጋዴው በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች ብቻ ቢፈርድ 600,000 ብር እንደ ተረፈው ቈጥሮ ደስ ይለዋል፤ ምናልባትም የተረፈ የመሰለውን ገንዘብ ለሌላ ንግድ ያውለዋል።

ነገር ግን ከቦታው ድረስ ሄዶ ቢመለከት መሠረቱ በሙሉ አልቋል፤ ዓምዱና ግድግዳው ግን የተሠራው እኩሌታው ብቻ ነው። ስለዚህ የተሠራው ሥራ ዋጋ ለመሠረቱ 3,000,000፣ ለግድግዳው 1,500,000፣ በድምሩ 4,500,000 ብር ነው። አሁን ሦስቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ ሌላ ነገር ይናገራሉ። የ4,500,000 ብር ሥራ ለመሥራት 5,400,000 ብር ወጥቷል፤ ስለዚህ 900,000 ብር ከተመደበው በላይ ባክኗል። ሊሠራ ይገባው ከነበረው የ6,000,000 ብር ሥራም የ1,500,000 ብሩ አልተሠራም። ትርፍ መስሎ የታየው ገንዘብ ሥራው ወደ ኋላ ስለ ቀረ ብቻ ያልወጣ ገንዘብ ነው።

መጨረሻውን አስቀድሞ ስለ ማወቅ

የዘዴው ጥቅም ያለፈውን በመግለጽ ብቻ አይወሰንም። የተሠራው ሥራ ዋጋ ለወጣው ገንዘብ ሲካፈል የገንዘብ መመዘኛ ይገኛል። በምሳሌው 4,500,000 ለ5,400,000 ቢካፈል 0.83 ይሆናል። ይህም ማለት ነጋዴው ካወጣው ከእያንዳንዱ ብር የ83 ሳንቲም ሥራ ብቻ አግኝቷል ማለት ነው። ቁጥሩ 1 ቢሆን ሥራው በተመደበለት ገንዘብ እየተሠራ ነው፤ ከ1 ቢበልጥ ቁጠባ አለ፤ ቢያንስ ኪሳራ አለ።

እንደዚሁም የተሠራው ሥራ ዋጋ ለታቀደው ሥራ ዋጋ ሲካፈል የጊዜ መመዘኛ ይገኛል። 4,500,000 ለ6,000,000 ቢካፈል 0.75 ነው፤ ይኸውም ሥራው ሊራመድ ከሚገባው ከአራት እርምጃ ሦስቱን ብቻ ተራምዷል።

ነጋዴው አጠቃላዩን 12,000,000 ብር ለገንዘቡ መመዘኛ ቢያካፍል፣ ሥራው በዚሁ አካሄድ ከቀጠለ መጋዘኑ የሚፈጀው 14,400,000 ብር መሆኑን ያውቃል። 12ቱን ወር ለጊዜው መመዘኛ ቢያካፍል ደግሞ መጋዘኑ የሚያልቀው ወደ 16ኛው ወር ገደማ መሆኑን ይረዳል። ይህን የሚያውቀው ገና በ6ኛው ወር ነው። ስለዚህ 2,400,000 ብር ከየት እንደሚመጣ ለማሰብ፣ ከባንክ ጋር ለመነጋገር፣ የጣሪያውን ዓይነት ለመለወጥ ወይም ሥራውን የሚመራውን ሰው ለመተካት ጊዜ አለው። ይህንኑ በ12ኛው ወር ቢደርስበት ግን ጣሪያ የሌለው መጋዘንና ባዶ የገንዘብ ሣጥን ይዞ የቡናው ወቅት ይደርስበታል።

የሥራ መሪው በዚህ ጊዜ «ከእንግዲህ እናካክሰዋለን፤ በተመደበው ገንዘብ ይፈጸማል» ብሎ ተስፋ ሊሰጥ ይችላል። ይህንንም ተስፋ በሒሳብ መመርመር ይቻላል። የቀረው ሥራ 7,500,000 ብር ነው፤ የቀረው ገንዘብ 6,600,000 ብር ነው። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል 1.14 ገደማ ይሆናል። እስከ ዛሬ ከአንድ ብር የ83 ሳንቲም ሥራ ያገኘ ሰው ከነገ ጀምሮ ከአንድ ብር የ1 ብር ከ14 ሳንቲም ሥራ ማግኘት አለበት ማለት ነው። ነጋዴው እንግዲህ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ከነገ ጀምሮ የሚለወጠው ምንድን ነው?» ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ ካልተገኘ ተስፋው ተስፋ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ዘዴው ከየት መጣ

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። የተሠራውን ሥራ ከተመደበለት ዋጋና ከወጣው ወጪ ጋር ማስተያየት በሃያኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ በአሜሪካ ፋብሪካዎች ይሠራበት የነበረ ልማድ ነው። በ1958 የአሜሪካ ባሕር ኃይል «ፖላሪስ» የተባለውን ሚሳይል ሲያሠራ «ፐርት» የሚባለውን የጊዜ ሰሌዳ ዘዴ አወጣ፤ በ1962 ደግሞ በዚሁ ሰሌዳ ላይ የወጪ ሒሳብ ተጨመረበት። በዲሴምበር 1967 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ትልልቅ ውል የሚዋዋሉ ኩባንያዎች የሒሳብ አያያዛቸው ሊያሟላቸው የሚገባቸውን 35 መመዘኛዎች በመመሪያ አወጣ። መመዘኛዎቹ በ1996 ወደ 32 ዝቅ ብለው፣ በ1998 የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ ሆኑ። በ2018 ደግሞ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ስለዚሁ ዘዴ የራሱን መመሪያ አወጣ።

መለኪያው ተናግሮ ሰሚ ያጣበት ጊዜ

ዘዴው ምን ያህል እንደሚጠቅምና የት ላይ እንደሚደክም አጉልቶ የሚያሳየው በዚያው በአሜሪካ የደረሰ አንድ ታሪክ ነው። በጃንዋሪ 1988 የአሜሪካ ባሕር ኃይል «ኤ-12» የተባለውን የጦር አውሮፕላን እንዲያወጡ ከማክዶኔል ዳግላስና ከጄኔራል ዳይናሚክስ ኩባንያዎች ጋር ተዋዋለ። የውሉ ከፍተኛ ጣሪያ 4.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበረ። ኩባንያዎቹም የተሠራውን ሥራ ዋጋ፣ የታቀደውንና የወጣውን እየለዩ በየወሩ ሪፖርት ያቀርቡ ነበር።

በኤፕሪል 1990 የመከላከያ ሚኒስትሩ ዲክ ቼኒ ሥራው በደኅና ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ለአሜሪካ ምክር ቤት አስረዱ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በጁን ወር መግቢያ፣ ኩባንያዎቹ አውሮፕላኑ በተወሰነለት ጊዜ ሊበር እንደማይችልና ወጪውም ከውሉ ጣሪያ እንደሚያልፍ አስታወቁ። ነገሩ እንዴት እንዲህ በድንገት እንደ ተለወጠ እንዲመረመር ታዘዘ። በኖቬምበር 1990 የቀረበው የምርመራ ውጤት እንዳሳየው ነገሩ ድንገተኛ አልነበረም። ወርኀዊዎቹ ሪፖርቶች ሥራው ወደ ኋላ እንደ ቀረና ገንዘቡ እንደማይበቃ ሲያመለክቱ ቆይተዋል፤ ከቁጥሮቹ ተነሥተው መጨረሻውን የተነበዩ ባለሙያዎችም ነበሩ። ሥራውን የሚመሩት ሰዎች ግን ከልዩ ልዩ ግምቶች መካከል ለተስፋ የሚስማማውን መርጠው ያዙ፤ ክፉው ወሬ ወደ ላይ ሳይደርስ ቀረ።

ሚኒስትሩ ጃንዋሪ 7 ቀን 1991 ሥራው እንዲቋረጥ አዘዙ። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት አንድም አውሮፕላን ሳይበር ቀረ። መንግሥትና ኩባንያዎቹ ስለ ተከፈለው ገንዘብ በፍርድ ቤት ሲከራከሩ ኖረው፣ ክርክሩ የተዘጋው ከ23 ዓመት በኋላ፣ በጃንዋሪ 2014፣ ኩባንያዎቹ 400 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ዕቃና አገልግሎት ለመንግሥት ለመስጠት ተስማምተው ነው።

በዚያው ዘመን የመከላከያ ሚኒስቴሩ ባለሙያዎች ከ1977 ጀምሮ የተሠሩ ከ400 በላይ ውሎችን መዝገብ አይተው አንድ ቁም ነገር አስታውቀው ነበር። አንድ ሥራ 15 በመቶ ያህል ከተሠራ በኋላ ከተመደበው በላይ ገንዘብ ፈጅቶ ከተገኘ፣ በመጨረሻው ላይ የሚገኘው ጉድለት በዚያን ጊዜ ከታየው ጉድለት ያነሰ አይሆንም። «ኋላ ይካካሳል» የሚለው ቃል በእነዚያ ውሎች ሁሉ ሲሞከር አልያዘም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለመጋዘን ሠሪውም ሆነ ለባለሱቁ አንድ ነው። ጉድለቱ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ የሚታረመውም ያን ጊዜ ነው።

ላኪውና ባለሱቁ እንዴት ይሠሩበታል

ዘዴው ለግንባታ ብቻ የሚሆን አይደለም። አንድ ሰሊጥ ላኪ 1,000 ኩንታል ሰሊጥ በ20 ቀን ውስጥ አስበጥሮ ለመጫን አስቦ፣ ለማስበጠሪያ በኩንታል 200 ብር፣ በድምሩ 200,000 ብር መደበ እንበል። በ10ኛው ቀን የወጣው 100,000 ብር ነው፤ ገንዘቡ ከዕቅዱ ጋር ስለ ተስማማ ሒሳብ ያዡ ምንም ጉድለት አላየም። ነገር ግን የተበጠረው 400 ኩንታል ብቻ ነው። የተሠራው ሥራ ዋጋ 80,000 ብር፣ የገንዘቡ መመዘኛ 0.8 ነው፤ በዚሁ አካሄድ ማስበጠሪያው 250,000 ብር ይፈጃል። የ50,000 ብሩ ጉድለት ቀላል ሊመስል ይችላል። ከዚህ የሚከፋው ሥራው የሚያልቀው በ25ኛው ቀን መሆኑ ነው። በባንክ በኩል በተከፈተው ኤል ሲ ላይ የተጻፈው የመጨረሻ የመጫኛ ቀን በመካከሉ ካለፈ ላኪው የሚያጣው የመላውን ጭነት ክፍያ ሊሆን ይችላል። በ10ኛው ቀን ይህን ያወቀ ላኪ ግን ሁለተኛ የሠራተኛ ቡድን ያስገባል፤ አለዚያም ገዢው ቀኑን እንዲያራዝምለት አስቀድሞ ይጠይቃል።

ሱቁን የሚያድስ ባለሱቅም ለመደርደሪያው፣ ለቀለሙ፣ ለመብራቱና ለወለሉ የመደበውን ገንዘብ ለየብቻ በወረቀት ላይ ያሰፍራል፤ በየሳምንቱም መጨረሻ ያለቀውን ብቻ እየደመረ ካወጣው ገንዘብ ጋር ያስተያያል። ለዚህ አንድ ገጽ ይበቃዋል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው

ዘዴው እውነት የሚናገረው የተሠራው ሥራ በእውነት ሲመዘን ነው። «ዘጠና በመቶ አልቋል» የሚባል ሥራ ለብዙ ሳምንታት በዘጠና በመቶ ላይ ቆሞ እንደሚቀር ማንኛውም አሠሪ ያውቃል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት አመዛዘኑን በስምምነት መወሰን ያስፈልጋል። አጭር ለሆነ ሥራ ፈጽሞ እስኪያልቅ ድረስ ምንም ዋጋ ባይታሰብለት ይሻላል። መካከለኛ ለሆነው ሲጀመር እኩሌታውን፣ ሲያልቅ የቀረውን እኩሌታ ማሰብ የተለመደ ነው። ሊቈጠር የሚችለው ሥራ ደግሞ በተቈጠረው መጠን፣ ይኸውም በቆመው ዓምድ፣ በተገነባው ካሬ ሜትር፣ በተበጠረው ኩንታል ይታሰባል። መዛኙም ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው ባይሆን ይመረጣል።

በቅጥር ግቢው ውስጥ የተከመረ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የተሠራ ሥራ አይደለም። ገንዘቡ ወጥቷል፤ መጋዘኑ ግን በዚያ መጠን አላደገም። ስለዚህ ዕቃ ከሥራው አስቀድሞ የተገዛ እንደ ሆነ ዋጋው ተለይቶ ይያዝ፤ ሥራ ላይ በዋለ ጊዜም ወደ ወጪው ይዛወር። ለሥራ ተቋራጭ የተሰጠ ቅድሚያ ክፍያም እንደዚሁ ነው።

የዕቃ ዋጋ በገበያው ከፍ ስላለ የመጣ ጉድለትና ከሥራው ብልሹነት የመጣ ጉድለትም ይለያዩ። የሁለቱም ውጤት በመመዘኛው ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም።

የጊዜው መመዘኛ ወደ ሥራው መጨረሻ ሲቃረብ ያታልላል። ሥራው ዘግይቶም ቢሆን ሲፈጸም የተሠራው ዋጋ ከታቀደው ጋር እኩል ስለሚሆን ቁጥሩ ወደ 1 ይመለሳል፤ የዘገየውም በጊዜው እንደ ተፈጸመ ይመስላል። በዚህ ምክንያት በ2003 ዋልተር ሊፕክ የተባሉ አሜሪካዊ መዘግየቱ በብር ፈንታ በወርና በሳምንት የሚለካበትን መንገድ አቅርበዋል። ለነጋዴው ግን የጊዜ ሰሌዳውን ከመመዘኛው ጎን አስቀምጦ «የትኛው ሥራ የትኛውን አዘገየ?» ብሎ መጠየቁ ይበቃዋል።

ከዚህም ሌላ መመዘኛው ስለ ሥራው ጥራት አይናገርም። የተሰነጠቀ ግድግዳም ካልታረመ በቀር በሒሳቡ ላይ እንደ ጤነኛ ግድግዳ ይቈጠራል። የመሐንዲሱን ዓይን የሚተካ ሒሳብ የለም።

ማጠቃለያ

በየወሩ መጨረሻ ሦስት ቁጥሮችን መጻፍ ከአንድ ሰዓት የበለጠ ሥራ አይጠይቅም። ከዚህ የሚከብደው ቁጥሮቹ የሚናገሩትን ለመስማት ፈቃደኛ መሆን ነው። የ«ኤ-12» ሥራ የወደቀው መለኪያ ስላልነበረው አልነበረም፤ መለኪያው የተናገረው ለአለቆቹ ጆሮ ስላልደረሰ ነው። አሠሪው ክፉ ወሬ ይዞለት የሚመጣውን ሒሳብ ያዥ የሚቈጣ ከሆነ በሚቀጥለው ወር የሚቀርብለት ቁጥር ያማረ ይሆናል፤ መጋዘኑ ግን አይቆምለትም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምክር ለምጣድ ብቻ የተነገረ አይደለም። ገንዘቡን በሥራ ላይ ያዋለ ነጋዴ ሁሉ «ስንት ወጣ?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ ደብተሩን ሳያጥፍ «በወጣው ገንዘብ የስንት ብር ሥራ ተገኘ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።